የጋብሪኤለ ሙንተር ሥዕሎች በጨረታ ገበያ፦ የዋጋ መረጃ ምን ያስረዳል? ምንስ አያስረዳም?

መግቢያ

የጨረታ ዋጋ ለሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ማራኪ ማስረጃ ነው። በአደባባይ የተነገረ፣ ቀንና ቦታ ያለው፣ ማንም ሊያጣራው የሚችል ቁጥር ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሚገኘው ለሽያጭ ከቀረቡ ሥራዎች ብቻ ነው። አንድ ሠዓሊ በሕይወት ዘመኑ ከሠራው ሁሉ የትኛው ለገበያ ቀረበ፣ የትኛውስ ከገበያ ውጭ ቀረ የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ፣ ዋጋው የሚናገረው ስለ ሠዓሊው ይሁን ስለ ገበያው ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ችግር በጀርመናዊቷ ሠዓሊ በጋብሪኤለ ሙንተር ምሳሌነት ማስረዳት ነው። ሙንተር የተመረጠችው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ሥራዎቿ በሙኒክ፣ በበርሊንና በኮሎኝ በሚገኙ የጨረታ ቤቶች በየጊዜው ስለሚቀርቡ መረጃው አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ከዋና ዋና ሥራዎቿ መካከል በርካታዎቹን በሕይወት ሳለች ራሷ ለሕዝብ ስለሰጠች፣ ገበያው የሚያያቸው የተቀሩትን ነው። ሦስተኛ፣ ስሟ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከቫሲሊ ካንዲንስኪ ስም ጋር ተያይዞ ሲጠራ በመቆየቱ፣ በዋጋና በዝና መካከል ያለው ግንኙነት በእርሷ ላይ ጎልቶ ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሠዓሊዋ ሕይወትና የሥራዎቿ ዘመናት

ሙንተር በ1877 በበርሊን ተወለደች። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት የሥነ ጥበብ አካዳሚዎች ሴቶችን አይቀበሉም ነበር፤ በሮቻቸው በመደበኛነት የተከፈቱት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በመሆኑም ትምህርቷን የተከታተለችው በግል አስተማሪዎችና በሴቶች ማኅበር ትምህርት ቤት ነበር። በ1902 በሙኒክ ፋላንክስ በተባለው ትምህርት ቤት ስትመዘገብ ካንዲንስኪ አስተማሪዋ ሆነ፤ በኋላም የሕይወት አጋሯ ሆነ። ከ1904 እስከ 1908 ድረስ ሁለቱ ኔዘርላንድን፣ ቱኒዚያን፣ ጣሊያንንና ፈረንሳይን አብረው ዞሩ። ሙንተር በፓሪስ በቆየችበት ጊዜ በእንጨትና በሊኖሊየም ቅርጽ የተሠሩ የቀለም ኅትመቶችን አዘጋጅታለች።

የለውጡ ዓመት 1908 ነው። በዚያ በጋ ከካንዲንስኪ፣ ከአሌክሲ ያውሌንስኪና ከማሪያኔ ቬሬፍኪን ጋር በባቫሪያ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በሙርናው ከተማ ስትሠራ አሣሣሏ ፈጽሞ ተለወጠ። ብርሃንን በቀለም ነጠብጣብና ጭረት ለመያዝ የምትሞክርበትን ቀድሞ የነበረ ስልት ትታ፣ ሰፋፊ ጠፍጣፋ የቀለም መደቦችን በጥቁር መስመር ከብባ መሣል ጀመረች። የአካባቢው ባለእጆች በመስታወት ጀርባ ላይ የሚሥሉትን ባህላዊ ሥዕል ከሃይንሪሽ ራምቦልድ የተማረችውም በዚሁ ዘመን ነው። በ1909 በሙርናው ቤት ገዛች። በ1911 መጨረሻ ደግሞ «ሰማያዊው ፈረሰኛ» የተባለው ቡድን በሙኒክ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑን ሲከፍት ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። በ1913 ሄርቫርት ቫልደን በበርሊን ያቋቋመው የሽቱርም ማዕከለ ሥዕል የብቻዋን ሰፊ ኤግዚቢሽን አሳየላት።

ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ ሩሲያዊው ካንዲንስኪ ጀርመንን ለቆ ወጣ። ሙንተር በ1915 ወደ ስቶክሆልም ተሻገረች፤ በ1916 መጀመሪያ ከተለያዩ በኋላ ዳግመኛ አልተገናኙም። በ1920 ወደ ጀርመን ብትመለስም፣ የ1920ዎቹ ዓመታት ከዘይት ቀለም ይልቅ በእርሳስ ሥዕል ላይ ያተኮረችባቸው ናቸው። ከ1931 ጀምሮ በሙርናው ቤቷ፣ በኋላም ከጥበብ ታሪክ ምሁሩ ከዮሃነስ አይሽነር ጋር ኖረች፤ በዚያው ቤት በ1962 አረፈች።

ይህ የዘመን ክፍፍል ለሕይወት ታሪክ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከታች እንደሚታየው በጨረታ ካታሎግ ውስጥ የሥዕሉ ዓመት ከሥዕሉ ርእስ ይልቅ ዋጋውን የመወሰን ኃይል አለው።

ከገበያ የወጣው ክምችት

ካንዲንስኪ በ1914 ሲሄድ አብዛኞቹን የቀድሞ ሥራዎቹን በሙንተር እጅ ትቶ ነበር። በንብረቱ ላይ የተነሣው ክርክር በ1926 በጠበቆች አማካይነት ተቋጨ፤ ከፊሉ ወደ እርሱ ተመለሰ፣ ቀሪው የእርሷ ሆነ። በናዚ አገዛዝ ዘመን የዚህ ዓይነቱ ሥዕል «የተበላሸ ጥበብ» እየተባለ ከሙዚየሞች ሲወረስ፣ ሙንተር ክምችቱን በሙርናው ቤቷ ምድር ቤት ደብቃ አቆየችው። ጦርነቱን ያለ ጉዳት አለፈ።

በ1957፣ ሰማንያ ዓመት በሞላት ጊዜ፣ ክምችቱን ለሙኒክ ከተማ ማዕከለ ሥዕል ለሌንባኽሃውስ በስጦታ አስረከበች። ስጦታው ከ1,000 በላይ ሥራዎችን የያዘ ሲሆን፣ 90 ያህል የካንዲንስኪ የዘይት ቀለም ሥዕሎችና 25 የራሷ ሥዕሎች ይገኙበታል። ከሞቷም በኋላ በስሟና በአይሽነር ስም የተቋቋመው የሙኒክ ፋውንዴሽን በእጇ የቀሩትን ሥራዎችና ሰነዶች ተረከበ።

ይህ ስጦታ በገበያው ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶችን አስከትሏል። በአንድ በኩል፣ በየትኛውም ጨረታ ከፍተኛ ዋጋ ሊያወጡ የሚችሉ የሙርናው ዘመን ሥዕሎች ለዘለቄታው ከሽያጭ ውጭ ሆነዋል። የቬሬፍኪንን መልክ የሚያሳየው የ1909 ሥዕል፣ ያውሌንስኪና ቬሬፍኪን በመስክ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሥዕል፣ ካንዲንስኪና ኤርማ ቦሲ በጠረጴዛ ዙሪያ የተሣሉበት የ1912 ሥዕል በሌንባኽሃውስ ናቸው። እነዚህ ሥራዎች ዋጋ የላቸውም፤ ይህም ማለት ገበያው ዋጋቸውን ለመናገር ዕድል አያገኝም። በሌላ በኩል፣ አቅርቦቱ መጥበቡ በግል ሰብሳቢዎች እጅ የቀሩትን ጥቂት የዚያ ዘመን ሥዕሎች ተፈላጊ ያደርጋቸዋል፤ በታላቅ ሙዚየም ውስጥ በቋሚነት መታየቷም የስሟን ክብር ያጸናል። የመጀመሪያው ውጤት የሚታየውን ዋጋ ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ላይ ይስባል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበረታ ዋጋዎቹን በመመልከት ብቻ መወሰን አይቻልም፤ የክምችቱን ታሪክ ማወቅ የግድ ይላል።

የጨረታ ዋጋ እንዴት ይፈጠራል?

«ሥዕሉ ይህን ያህል ተሸጠ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቢያንስ አራት የተለያዩ ቁጥሮችን ሊያመለክት ይችላል። የመጀመሪያው በካታሎጉ ላይ የሚታተመው የግምት ዋጋ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አለው። ሁለተኛው ሻጩና የጨረታ ቤቱ በምስጢር የሚስማሙበት፣ ከእርሱ በታች ሥዕሉ የማይሸጥበት ወለል ነው። ሦስተኛው አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ የተነገረው ዋጋ ነው። አራተኛው ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለው ኮሚሽን፣ እንዳስፈላጊነቱም ግብር፣ ተደምሮበት የሚገኘው ጠቅላላ ክፍያ ነው። የግምት ዋጋ የሚገለጸው ኮሚሽኑ ሳይጨመር ሲሆን፣ ለጋዜጦች የሚነገረው ውጤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮሚሽኑ የተጨመረበት ነው። ለምሳሌ መዶሻው በ400,000 ዩሮ የተመታበት ሥዕል 25 በመቶ ኮሚሽን ሲጨመርበት በ500,000 ዩሮ እንደተሸጠ ይዘገባል። ግምቱ ከ400,000 እስከ 500,000 ከነበረ፣ ሽያጩ በግምቱ ዝቅተኛ ወሰን ላይ የተጠናቀቀ ሆኖ ሳለ ከፍተኛው ወሰን ላይ የደረሰ መስሎ ይታያል።

በጀርመን ሌላም ክፍያ አለ። በአገሪቱ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት፣ በጥበቃ ዘመን ያለ ሥዕል በነጋዴ ወይም በጨረታ ቤት አማካይነት ዳግመኛ ሲሸጥ ሻጩ ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ድርሻ ይከፍላል። ጥበቃው ሠዓሊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ፣ የሙንተር ሥራዎች እስከ 2032 መጨረሻ ድረስ በዚህ ሥር ናቸው። ድርሻው በእርከን ይሰላል፦ እስከ 50,000 ዩሮ ድረስ 4 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 200,000 ድረስ 3 በመቶ፣ እስከ 350,000 ድረስ 1 በመቶ፣ እስከ 500,000 ድረስ 0.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 0.25 በመቶ ሲሆን፣ ጠቅላላው ከ12,500 ዩሮ አይበልጥም። በዚህ ስሌት በ400,000 ዩሮ የተሸጠ ሥዕል 2,000፣ 4,500፣ 1,500 እና 250 ተደምሮ 8,250 ዩሮ ያስከፍላል።

ከዚህም ጋር በ2016 የወጣው የጀርመን የባህል ንብረት ጥበቃ ሕግ የሽያጩን ቦታ ይነካል። ዕድሜው ከ75 ዓመት በላይ የሆነና ዋጋው 300,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ሥዕል ወደ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከኅብረቱ ውጭ ለሚላኩ ሥዕሎች ወሰኑ ዝቅ ይላል፤ 50 ዓመትና 150,000 ዩሮ ነው። የሙንተር የሙርናው ዘመን ሥዕሎች የዕድሜውን መስፈርት ሁሉ ስለሚያሟሉ፣ በሙኒክ የሚሸጥና በለንደን ወይም በኒው ዮርክ የሚሸጥ ሥዕል በገዢው ፊት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም። በሁለቱ ቦታዎች የተገኙ ዋጋዎችን በአንድ ሰንጠረዥ የሚያሰፍር ተመራማሪ ይህን ልዩነት በዝምታ ማለፍ የለበትም።

ዘመን፣ ቁስና ርእሰ ጉዳይ

ገዢዎች የሙንተርን ሥራዎች በአንድ ዓይን አያዩም። ከ1908 እስከ 1914 ድረስ የተሣሉ፣ በተለይም የሙርናውን ጎዳናዎች፣ ተራሮችና ቤቶች የሚያሳዩ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ከፍተኛውን እርከን ይይዛሉ። ብዙዎቹ በሸራ ፋንታ በካርቶን ላይ የተሣሉ ናቸው። በሌሎች ሠዓሊዎች ዘንድ ካርቶን የረቂቅ ሥራ ምልክት ተደርጎ ዋጋ ሊቀንስ ይችላል፤ በሙንተር ዘንድ ግን የተለመደ ቁስ ስለነበረ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። የቀድሞ ዘመን ትንንሽ ጥናቶች፣ የስካንዲኔቪያ ዓመታት ሥራዎችና የ1930ዎቹ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ሌሎቹን እርከኖች ይይዛሉ። ከጦርነቱ በኋላ የሠራቻቸው የአበባ ሥዕሎች ደግሞ በርከት ብለው ይገኛሉ፤ ኅትመቶችና የእርሳስ ሥዕሎች ከሁሉም ይልቅ ለተራ ሰብሳቢ ይቀርባሉ።

ሙንተር በኋለኛ ዕድሜዋ የቀድሞ ርእሰ ጉዳዮቿን መልሳ ስለሣለች፣ የሥዕሉን ዓመት በትክክል ማረጋገጥ ለዋጋው ወሳኝ ነው። በመሆኑም የጨረታ ቤቶች የፋውንዴሽኑን የጽሑፍ ማረጋገጫ በካታሎጋቸው ውስጥ መጥቀስ የተለመደ አሠራራቸው ነው። ማረጋገጫ የሌለው ሥዕል ገዢ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። እዚህ ላይ የምሁራን ሥራ ከገበያው ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ አንድ የታሪክ ባለሙያ «1910» ብሎ የሚጽፈው ቁጥር በብዙ ሺህ ዩሮ ይተረጎማል።

የዘመን ልዩነቱ የአማካይ ዋጋን ንባብ እንዴት እንደሚያዛባ በምናባዊ ምሳሌ ማሳየት ይቻላል። በአንድ ዓመት ዐሥር ሥዕሎች ተሸጡ እንበል፤ ሁለቱ የቀድሞ ዘመን ሆነው እያንዳንዳቸው 300,000 ዩሮ፣ ስምንቱ የኋለኛ ዘመን ሆነው እያንዳንዳቸው 60,000 ዩሮ አወጡ። አማካዩ 108,000 ዩሮ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአንድ አዛውንት ሰብሳቢ ንብረት ለጨረታ ስለቀረበ፣ ከዐሥሩ አምስቱ የቀድሞ ዘመን ሆኑ። የእያንዳንዱ ዓይነት ዋጋ በአንድ ዩሮ እንኳ ሳይለወጥ፣ አማካዩ 180,000 ዩሮ ይሆናል። «የሙንተር ዋጋ በአንድ ዓመት ከ60 በመቶ በላይ አደገ» የሚል ዜና ቢጻፍ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ትርጉሙ ግን ስሕተት ነው። የተለወጠው ለሽያጭ የቀረቡት ሥራዎች ስብጥር እንጂ ዋጋው አይደለምና።

የይዞታ ታሪክ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሣለ ማንኛውም የጀርመን ሥዕል ከ1933 እስከ 1945 ድረስ በማን እጅ እንደነበረ መጠየቅ አለበት። በ1998 የጸደቁት የዋሽንግተን መርሆዎች በናዚዎች የተዘረፉ ወይም በግዳጅ የተሸጡ ሥራዎች ተለይተው ፍትሐዊ መፍትሔ እንዲያገኙ አገሮችን ይጠይቃሉ። ከዚያ ወዲህ የይዞታ ታሪክ የካታሎግ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የመሸጥ ቅድመ ሁኔታ ሆኗል። ከሠዓሊዋ እጅ በቀጥታ ወደ አንድ ቤተሰብ ገብቶ እስከ ዛሬ በዚያው የቆየ ሥዕል አጭርና ጥርት ያለ ታሪክ አለው። በታሪኩ መካከል ዐሥራ ሁለት ዓመት የጎደለበት ሥዕል ግን ውበቱ ምንም ያህል ቢሆን ገዢውን ያሠጋል።

የዚህን ክብደት ከሙንተር ዓለም ሳንወጣ ማየት እንችላለን። ካንዲንስኪ በ1910 የሣለው «ሙርናው ከነቤተ ክርስቲያኗ፣ ሁለተኛ» የተሰኘ ሥዕል የአይሁዳውያኑ የሽቴርን ባልና ሚስት ንብረት ነበር። ባለቤቱ ዮሃና ማርጋሬተ ሽቴርን በኦሽቪትስ ተገደሉ። ሥዕሉ ለረጅም ዘመን በኔዘርላንድ በቫን አበ ሙዚየም ከቆየ በኋላ ለወራሾች ተመለሰ፤ በመጋቢት 2023 በለንደን በሶዝቢስ ጨረታ 37.2 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት።

ጾታና ዋጋ

ከላይ የተጠቀሰው ቁጥር የማይቀር ጥያቄ ያስነሣል። ሙንተርም በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ያንኑ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት እያየች ትሥል ነበር። ሥዕሎቿ በጨረታ ወደዚህ ዋጋ ተጠግተው አያውቁም። ልዩነቱ በጾታ ብቻ የመጣ ነው ማለት ግን ጥድፊያ ይሆናል። ካንዲንስኪ ረቂቅ ሥዕልን ከጀመሩት ግንባር ቀደሞች አንዱ ተደርጎ በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል፤ የ1910 ሥራዎቹም ወደዚያ ለውጥ የሚያሸጋግሩ ድልድዮች ሆነው ስለሚታዩ ተፈላጊነታቸው ዓለም አቀፍ ነው። ሙንተር በበኩሏ ከሚታየው ነገር አልራቀችም፤ ገዢዎቿም በአብዛኛው በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ቆይተዋል።

ይሁን እንጂ ጾታን ከሒሳቡ ማውጣትም አይቻልም። ሬኔ አዳምስ፣ ሮማን ክሮይስል፣ ማርኮ ናቮኔና ፓትሪክ ቨርዊሜረን በ2021 ያሳተሙት ጥናት ከ1970 እስከ 2016 የተካሄዱ 1.9 ሚሊዮን ያህል የጨረታ ሽያጮችን መርምሮ፣ የሴት ሠዓሊያን ሥዕሎች በአማካይ 42 በመቶ ያህል ዝቅ ባለ ዋጋ እንደሚሸጡ አሳይቷል። ልዩነቱም የጾታ እኩልነት በጎደለባቸው አገሮች ይሰፋል። ተመራማሪዎቹ ባደረጉት ሙከራ ተሳታፊዎች ሥዕሉን በማየት ብቻ የሠዓሊውን ጾታ መለየት አልቻሉም። ስለዚህ ለሴቶች ብቻ የተለየና ገበያው ዝቅ አድርጎ የሚያየው የአሣሣል ጠባይ አለ የሚለው ማብራሪያ መሠረት ያጣል።

በሙንተር ጉዳይ ጾታ የሚሠራው ከጨረታው አዳራሽ ርቆ ነው። አካዳሚ መግባት አለመቻሏ፣ ለዘመናት የካንዲንስኪ ተማሪና አጋር ተብላ መመዝገቧ፣ በ1957 የሰጠችው ስጦታ ሳይቀር በዋናነት «የካንዲንስኪ ሥራዎች መትረፍ» ተብሎ መተረኩ በዝናዋ ላይ አሻራ ትተዋል። ዋጋው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ይገባል። ሌንባኽሃውስ በ2017 የከፈተው ኤግዚቢሽን፣ ቀጥሎም በቪየና፣ በማድሪድ፣ በፓሪስና በኒው ዮርክ የተካሄዱት ትልልቅ ኤግዚቢሽኖች እርሷን ራሷን ችላ የቆመች ሠዓሊ አድርገው አቅርበዋል። ተመራማሪ የዋጋ ለውጥን ከእነዚህ ጋር ሲያያይዝ ግን የትኛው ቀደመ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ኤግዚቢሽን ዋጋን እንደሚያነሣ ሁሉ የዋጋ መነሣትም ሰብሳቢዎች ሥዕሎቻቸውን ለኤግዚቢሽን እንዲያውሱ ይገፋፋልና።

ለንጽጽር፦ ሎተ ላዘርሽታይን

የክምችት ታሪክ ዋጋን እንዴት እንደሚቀርጽ ይበልጥ ለመረዳት ሌላ ጀርመናዊት ሠዓሊን መጨመር ይጠቅማል። በ1898 የተወለደችው ሎተ ላዘርሽታይን በበርሊን አካዳሚ በ1920ዎቹ የተማረች ስትሆን፣ በ1930 «ምሽት በፖትስዳም ላይ» የተሰኘውን ታላቅ ሥራዋን አጠናቀቀች። በአይሁዳዊ ዘር ሐረጓ ምክንያት ሥራዋ ሲታገድ፣ በ1937 በስቶክሆልም የተዘጋጀላትን ኤግዚቢሽን ምክንያት አድርጋ ወጥታ በስዊድን ቀረች። እናቷ በራቨንስብሩክ ማጎሪያ ካምፕ ሞቱ። በስደት በነበረችባቸው ዐሥርት ዓመታት ኑሮዋን የገፋችው በትእዛዝ የሰዎችን መልክ በመሣል ነው። ዝናዋ የተመለሰው በ1987 በለንደን ሥራዎቿ ለሽያጭ ሲታዩ ነበር፤ በ2010 የበርሊን ብሔራዊ ማዕከለ ሥዕል «ምሽት በፖትስዳም ላይ»ን ገዛ።

ሙንተር ምርጥ ሥራዎቿን በስጦታ ከገበያ አወጣች፤ ላዘርሽታይን ግን የበርሊን ዘመን ጥቂት ሥራዎቿን ይዛ ተሰድዳ፣ በእርጅናዋ በሽያጭ ወደ ዓለም መልሳ አስገባቻቸው። በሁለቱም ዘንድ ገበያው አጭሩን የቀድሞ ዘመን አክብሮ ረጅሙን የኋለኛ ዘመን ዝቅ ያደርጋል። በላዘርሽታይን ዘንድ ይህ ፍርድ ከስደቷ ጋር የተቆራኘ ነው። ዋጋው «የኋለኛው ሥራ ደካማ ነው» ሲል፣ ሠዓሊዋን ለእንጀራ ብቻ እንድትሥል ያስገደዳትን ታሪክ ይደብቃል።

ለተመራማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት

ከላይ የቀረበው ትንተና በጨረታ መረጃ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንዳንድ ተግባራዊ መመሪያዎችን ያስገኛል። በመጀመሪያ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ዋጋ ኮሚሽንን ያካተተ መሆን አለመሆኑ መለየት አለበት። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሳይሸጡ የቀሩ ሥራዎች መቆጠር አለባቸው፤ የጨረታ ቤቶች ስላልተሳካ ሽያጭ ብዙ ስለማይናገሩ፣ የታተመውን ካታሎግ ከውጤት ዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ይጠይቃል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ስብጥሩ የሚያመጣውን መዛባት ለመቀነስ ሁለት ስልቶች አሉ። ሄዶኒክ የሚባለው ስልት የዓመትን፣ የመጠንን፣ የቁስንና የርእሰ ጉዳይን ተጽዕኖ ለይቶ ያሰላል። የድጋሚ ሽያጭ ስልት ደግሞ አንዱን ሥዕል በተለያዩ ጊዜያት ካወጣው ዋጋ ጋር ብቻ ያነጻጽራል። ሁለተኛው የበለጠ ጥብቅ ቢሆንም፣ ለአንድ ሠዓሊ ብቻ ሲሠራበት የሚተርፈው መረጃ እጅግ ጥቂት ስለሚሆን መደምደሚያው በዚያው ልክ መጠንቀቅ ይኖርበታል። በመጨረሻም፣ ከገበያ ውጭ ያለው ክምችት የጥናቱ አካል መሆን አለበት፤ በየትኞቹ ሙዚየሞች ምን ያህል ሥራ፣ ከየትኛው ዘመን እንደሚገኝ ሳይታወቅ የጨረታ አማካይ ብቻውን ትርጉም የለውም።

ማጠቃለያ

የሙንተር ሥዕሎች የጨረታ ዋጋ እውነተኛ መረጃ ነው፤ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሕግ ሥር፣ ተጫራቾች ለቀረበላቸው ሥዕል ምን ያህል ለመክፈል እንደፈቀዱ ያስረዳል። የሠዓሊዋን ደረጃ ግን አይለካም፤ ደረጃዋን በተሻለ የሚያሳዩት ሥራዎች ወደ አዳራሹ አይገቡምና። ሠዓሊዋ ለሕዝብ የሰጠችውን ገበያው አይቶ ዋጋ ሊያወጣለት አይችልም። ይህን የዘነጋ ጥናት ባለመሸጧ ይቀጣታል፤ በሌላ አነጋገር፣ ለጋስነቷን እንደ ማነስ ይቆጥርባታል። ሙዚየሞች የትኛውን ሥራ እንደሚገዙ፣ አሳታሚዎች ስለ ማን እንደሚጽፉ ሲወስኑ የዋጋ ዝርዝር በሚያማክሩበት በዚህ ዘመን፣ ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። በመሆኑም የሥነ ጥበብ ታሪክና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ተቀናጅተው የዋጋውን ሰንጠረዥ ከክምችቱ ታሪክ ጎን ለጎን ማንበብ ይጠበቅባቸዋል።